የሥራ አጥ ቁጥር ወረደ ሲባል ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ የሥራ አጥነት ምጣኔ ወረደ ማለት ሥራ የፈታው ሁሉ ሥራ ያዘ ማለት አይደለም። በጥቅሉ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ ፍለጋውን የተወ ከስሌቱ ይወጣል፤ በሳምንት 1 ሰዓት በክፍያ የሠራ ደግሞ ሠራተኛ ነው! ስለዚህ ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ምጣኔውን ይጠቅሳል፣ ተቃዋሚው ተስፋ የቆረጡትን። ዋይት ሐውስ ባለቤት ሲቀይር ጥቅሳቸውን ይለዋወጣሉ።

የሰው ኑሮ ሳይሻሻል ቁጥር መውረዱ የቆየ ነገር ነው። በሮም ሪፐብሊክ ፖለቲከኛው ክሎዲየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ለዜጎች እህል በነፃ እንዲታደል አደረገ። ሪፐብሊኩ ሊያበቃለት ሲል ዩሊየስ ቄሳር የተቀባዮቹን መዝገብ ከ320,000 ወደ 150,000 አወረደው። ብዙ ሰው ወደ ባሕር ማዶ ሰፈራ ልኳል፣ እውነት ነው፤ የቀሩት ግን ስማቸው ተሰረዘ እንጂ አልከበሩም።