«በዚህ ኮርድ ላይ የትኛው ስኬል ይገባል?» የጃዝ ጊታር ሶሎን የሚመለከቱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጊታር ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። ተማሪው ኮርዶቹ የተጻፉበትን ወረቀት ዘርግቶ አንዱን በጣቱ እየጠቆመ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የትኛው ስኬል ይገባል?» ይለኛል። ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ናቸው፤ ስኬል ደግሞ በቅደም ተከተል የተደረደሩ ድምፆች። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ መልሱን እንደ ሐኪም ማዘዣ ተቀብሎ፣ የታዘዘለትን ስኬል ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች ሮጦበት፣ ሶሎ (ባንዱ ሲያጅበው ራሱ የሚፈጥረውን ዜማ) የተጫወተ የሚመስለው መሆኑ ነው። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ የተደበቁትን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ለእያንዳንዱ ኮርድ የራሱ ስኬል አለው።»

ከሁሉም ይልቅ የሚያስመርረኝ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገርበት። በጃዝ ውስጥ እየደጋገመ የሚመጣ የሦስት ኮርዶች ሽግግር አለ፤ በሲ ኪይ፣ ማለትም ሲ መነሻና ማረፊያ ሲሆን፣ ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን ይሆናል። ተማሪው በመጀመሪያው ላይ ዲ ዶሪያንን፣ በሁለተኛው ላይ ጂ ሚክሶሊዲያንን፣ በሦስተኛው ላይ ሲ አዮኒያንን እንዲጫወት ተነግሮታል፤ ሦስቱንም በተለያየ የጣት አቀማመጥ አጥንቶ ይመጣል። ሦስቱ ስኬሎች የያዟቸው ሰባት ድምፆች ግን ፍጹም አንድ ናቸው፤ ሁሉም የሲ ሜጀር ድምፆች ናቸው። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ዜማ ላይ ባለ አራት ምቱ አንድ ባር (የዜማው መለኪያ ክፍል) የሚቆየው 1.2 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የስኬል ስም በመለዋወጥ የተጠመደ ሰው ባሲስቱን የሚሰማበት ጆሮ ከየት ያመጣል?

ሽግግሩን ለአድማጭ የሚነግሩት በዋናነት ከየኮርዱ መነሻ ድምፅ ሲቆጠር ሦስተኛና ሰባተኛ የሚሆኑት ድምፆች ናቸው። ጊታሩን አንሥታችሁ ሞክሩት። ለዲ ማይነር ሰቨን በአራተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተለየ ክፍል) ላይ ኤፍን፣ በሦስተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲን ያዙ። ኤፍን ሳትለቁ ሲን በአንድ ፍሬት ወደ ቢ ብታወርዱት ጂ ሰቨን ደርሳችኋል። አሁን ደግሞ ቢን ይዛችሁ ኤፍን በአንድ ፍሬት ወደ ኢ አውርዱት፤ ሲ ሜጀር ሰቨን ነው። ሁለት ክር፣ በእያንዳንዱ ሽግግር አንድ የግማሽ ድምፅ ርምጃ፣ ሙሉው ታሪክ ይኸው ነው። የቀሩት የስኬሉ ድምፆች በእነዚህ መካከል ማለፊያና ማስጌጫ ናቸው።

አንድ ተማሪዬ «ኦተም ሊቭስ» የተባለውንና ጆሴፍ ኮስማ እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀናበረውን ዜማ ሊጫወት ሲዘጋጅ፣ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ባሮች ሰባት ስኬሎችን በሰባት ቀለም ጽፎ አመጣልኝ። የደብተሩ ውበት የሚደነቅ ነበር። በጂ ማይነር ሲጫወት ኮርዶቹ ሲ ማይነር ሰቨን፣ ኤፍ ሰቨን፣ ቢ ፍላት ሜጀር ሰቨን፣ ኢ ፍላት ሜጀር ሰቨን፣ ከዚያም ኤ ማይነር ሰቨን ፍላት ፋይቭ፣ ዲ ሰቨንና ጂ ማይነር ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ኮርዶች ድምፆች ከቢ ፍላት ሜጀር ስኬል አይወጡም፤ የምትወጣው አንዲት ድምፅ ናት፣ እርሷም በዲ ሰቨን ውስጥ ያለችው ኤፍ ሻርፕ ናት። ሰባት ቀለም ያስፈጀው ሥራ አንድ ስኬልና በአንድ ባር ላይ የሚለወጥ አንድ ድምፅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ እኔም በዕድሜው እንዲሁ ያለ ደብተር እንደ ነበረኝ አልነገርሁትም።

«ቅኝት ካወቅህ በማንኛውም ኮርድ ላይ ይሄድልሃል።»

ይህ በተለይ የእኛ አገር ጊታሪስት ስሕተት ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበትም ማስረዳቱ ይከብዳል። ሜጀሩን ትዝታ ከሲ ብንጀምረው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይሆናል። ከላይ በጠቀስሁት ሽግግር ላይ ይህን ብትጫወቱ ጆሮ የሚጎረብጥ ስሕተት ብዙም አይሰማም፤ ሰዎችም በዚህ ተታለው «ይሄዳል» ይላሉ። ነገር ግን በትዝታ ውስጥ የጎደሉት ሁለት ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ ተመልከቱ፤ ኤፍና ቢ ናቸው። በሁለት ክር ላይ ሙሉውን ታሪክ የነገሩን እነዚያው ድምፆች ማለት ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ አይሳሳትም፣ ግን ኮርዱ መለወጡንም አይናገርም፤ ባንዱ መንገድ ሲቀይር እርሱ እዚያው ቆሞ ይቀራል። ቅኝቶቻችን በራሳቸው ዜማ የተሟሉ እንጂ እንዲህ ላለው የኮርድ ሽግግር ተብለው የተበጁ አይደሉም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጠባይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር የገጠመው ሥራም ዜማውን ከቅኝቱ ሳያስወጣ በሥሩ የጃዝን ሐርሞኒ ማኖር ነበር። የቅኝት ዜማ ለማጀብ ኮርድ መምረጥና የተሰጠ ኮርድን በቅኝት መከተል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ትዝታን ለሚወድ ጊታሪስት የምመክረው ቅኝቱን እንዲተው ሳይሆን ሁለቱን እንግዶች በቦታቸው እንዲያስተናግድ ነው፤ ጂ ሰቨን ሲመጣ ቢን፣ ዲ ማይነር ሰቨን ሲመጣ ኤፍን አንድ ጊዜ ማንሣቱ ብቻ ወሬውን ሁሉ ይለውጠዋል።

«በእያንዳንዱ ዶሚናንት ኮርድ ላይ አልተርድ ስኬል ብትጫወት ጃዝ ይመስላል።»

ይመስላል፤ ጃዝ የሆነ ስሕተት ይመስላል። ዶሚናንት ማለት እንደ ጂ ሰቨን ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ኮርድ ሄዶ ለማረፍ የሚገፋ ኮርድ ነው። የጂ አልተርድ ስኬል የኤ ፍላት ሜሎዲክ ማይነር ድምፆችን ከጂ ጀምሮ መጫወት ነው፤ ኤ ፍላትንም ኢ ፍላትንም ይይዛል። ፒያኒስቱ በዚያው ቅጽበት ጂ ሰቨንን ከኤ እና ከኢ ጋር ቢጫወት በየአቅጣጫው በግማሽ ድምፅ ትጋጫላችሁ፤ በማግሥቱ «ፒያኒስቱ አጃቢነት አይችልም» የሚል ሐሜት ስሰማ ኖሬያለሁ። ስኬሉ ይበልጥ የሚያምረው ኮርዱ ወደ ማይነር ሲያርፍ፣ አጃቢውም ቦታ ሲሰጣችሁ ነው። በ12 ባር ብሉዝ የመጀመሪያው ኮርድም ዶሚናንት ነው፤ ግን ቤቱ እርሱ ስለሆነ ወዴትም የማረፍ ግዴታ የለበትም፤ ገና በመጀመሪያው ባር ላይ አልተርድ የሚነዛ ሰው ምን እንደሚያስቸኩለው አላውቅም።

«ታላላቆቹ ሁሉንም ስኬሎች ያውቁ ነበር» ወይም በተቃራኒው «ታላላቆቹ ምንም ቲዮሪ አያውቁም ነበር።»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ እንደ ተማሪው ስንፍና አንዱ ወይም ሌላው ይጠቀሳል። ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1939 ከክላሪኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን ጋር መጫወት ጀምሮ በ1942 በ25 ዓመቱ ሞተ፤ ኮርድንና ስኬልን አጣምሮ የሚያስተምረው የጆርጅ ረስል መጽሐፍ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1953 ነው። ቻርሊ መስመሮቹን የሚገነባው በእጁ ከሚይዛቸው የኮርድ ቅርጾች ነበር። ሌላው ጊታሪስት ዌስ ሞንጎመሪ ደግሞ ኖታ አያነብም ነበር፤ የተማረው የቻርሊን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ አንድ በአንድ በማጥናት ነው። ኖታ አለማንበብ ሐርሞኒን አለማወቅ አይደለም፤ ኮርዶቹን በጆሮው የሚያውቅ ሰው የስማቸው ዝርዝር ቢጎድለው የሚቀርበት ነገር ትንሽ ነው። «ዌስም አያነብም ነበር» ብሎ የቤት ሥራውን ላልሠራልኝ ልጅ የምለው፣ ዌስ ሙሉ ሶሎዎችን በቃሉ ይዞ ነበር፣ አንተስ ስንቱን ይዘሃል የሚል ነው።

አጫጭሮቹ

«ሶሎ ከሩት መጀመር አለበት።» ሩቱን፣ ማለትም የኮርዱን መነሻ ድምፅ፣ ባሲስቱ ይዞታል፤ ከሦስተኛው ጀምሩ።

«በሲ ሜጀር ላይ ኤፍ የተከለከለ ነው።» ማለፍ ይቻላል፤ መቀመጥ ነው የማይመቸው።

«ሞዳል ዜማ (ኮርድ ሳይለዋወጥ በአንድ ስኬል ላይ ረዝሞ የሚቆይ) ቀላል ነው፣ ስኬሉ አንድ ስለሆነ።» እ.ኤ.አ. በ1959 የተቀረጸው የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ከ32ቱ ባሮች 16ቱን በዲ ዶሪያን፣ 8ቱን በኢ ፍላት ዶሪያን፣ የመጨረሻዎቹን 8 ደግሞ በዲ ዶሪያን ይሄዳል። 16 ባር ሙሉ ምንም ኮርድ ሳያግዛችሁ የሚናገር ዜማ ማግኘት ቀላል መስሎ የሚታየው ላልሞከረው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በደቂቃ 60 ምት ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ መሣሪያ) ከፍታችሁ በየባሩ ሁለት ድምፅ ብቻ፣ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን፣ በአንድ የጊታሩ አንገት ክፍል ውስጥ ተጫወቱ። ይህ ሲቀልላችሁ በመካከላቸው የስኬል ድምፆችን አስገቡ፤ ቀጥሎም ወደ ዒላማው ድምፅ በአንድ ፍሬት ከታች ተጠግታችሁ ግቡ። ከዚያ ማጀቢያውን ዘግታችሁ ሶሎውን ብቻውን ቅረጹትና ኮርዶቹ ይሰሙ እንደሆነ ሌላ ሰው ይፍረድ። ባለ ሰባት ቀለሙ ተማሪዬ ከሦስት ወር በኋላ ስምንቱን ባሮች በዚህ መንገድ ቀርጾ ላከልኝ፤ እየሰማሁ ኮርዶቹን በወረቀት ጻፍሁ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉንም አገኘኋቸው። በአራተኛው ባር ላይ ጂንና ቢ ፍላትን ብቻ ስለ ተጫወተ ኢ ፍላት ሜጀር ይሁን ጂ ማይነር መለየት አልቻልሁም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኢ ፍላትን ጨምሮ መጣ።