ስድስት አስመዝግቦ በአራት መግጠም

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ፖክሞን የተባለውን ፍጡራን የሚፋለሙበት የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆችን የሚያደናግር ሕግ አለ፦ 6 ፖክሞኖች ካስመዘገብን ለምን 4 ብቻ ይሰለፋሉ?

በይፋዊው የቪጂሲ (የፖክሞን ቪዲዮ ጨዋታ ሻምፒዮና) ውድድር የሚገጠመው ሁለት ፖክሞን ለሁለት ፖክሞን ነው። ከፍልሚያው በፊት የሁለቱም ወገን 6ቱ ይታያሉ፤ በ90 ሰከንድ ውስጥ 4ቱን፣ ከነሱም ቀድመው የሚወጡትን 2 ትመርጣላችሁ። ተጋጣሚያችሁ የትኞቹን እንደመረጠ አታዩም። ለእኔ ዋናው ትግል እዚህ ላይ ነው።

የቀሩት 2 በባሕር ዳር ስታዲየም እንደምናያቸው ተቀያሪዎች አይደሉም፤ በዚያ ዙር ጨርሶ አይገቡም። ሁለት ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ ግን በቀጣዩ ዙር ሌላ 4 መምረጥ ይቻላል፤ 6ቱ ራሳቸው አይለወጡም።

ስለዚህ «ምርጥ 4 እና 2 ማሟያ» ብላችሁ አታዋቅሩ። የእሳት ዓይነት ፖክሞኖች የበዙበት ቡድን ሲገጥማችሁ የትኞቹ 4፣ የውኃ ዓይነት ሲሆን የትኞቹ 4 እንደሚወጡ አስቀድማችሁ ጻፉ። በየትኛውም ዝርዝር ስሙ ያልገባ ካለ በሌላ ተኩት። ፖክሞኖች በፍልሚያ የሚይዙትን አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁለት ፖክሞኖች ማስያዝም ክልክል ነው።