የማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል ምንድን ነው?

ሰፈር ውስጥ የተሣለ ሁሉ የሰፈሩ ሥዕል አይደለም። ሠዓሊ ተቀጥሮ መጥቶ፣ በሦስት ቀን አሳምሮ ሥሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲሄድ ግድግዳው ያምራል፤ ባለቤት ግን የለውም። ወር ሳይሞላው «የሚከራይ ቤት አለ» ይለጠፍበታል። የማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል የሚባለው፣ ምን እንደሚሣል የሚወስነው በዚያ ግድግዳ ሥር በየቀኑ የሚያልፈው ሰው ሲሆን ነው። ብሩሹንም የሚይዙት የሰፈሩ ልጆችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሠዓሊው መሪያቸው ይሆናል።

ከታወቁት አንዱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አለ። ጁዲ ባካ የተባለች ሠዓሊ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን ሰብስባ የካሊፎርኒያን ታሪክ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ኮንክሪት ላይ ማሣል ጀመረች። ከ400 በላይ ወጣቶች በየዕረፍታቸው ወራት ተፈራረቁበት፤ ከሕግ ጋር የተጋጩ ልጆችም ነበሩባቸው። ርዝመቱ 840 ሜትር ያህል ደረሰ። ቦታው የጎርፍ ግድግዳ መሆኑ ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ሌላ ትርጉም አለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬ በወንዙ ዳር ያለውን ግንብ ሳይ፣ ያን ሌሊት የማያውቁት ልጆች ከሚያስታውሱት እናቶች ጋር አብረው የሚቆሙበት ቦታ ሆኖ ይታየኛል።

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ወሬው ነው፤ መሆንም አለበት። እኛ ሰፈር ቡና ተፈልቶ ስንሰበሰብ ወጣቶቹ ባቡር ነድፈው መጡ። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ማን ይቃወማል? አንዲት እናት ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ባቡሩስ ጥሩ ነው ልጆቼ፤ ለተሳፋሪው ሻይ የምትሸጠው የት ሄደች?» አሉ። ባቡሩ ወደ ጥግ ተገፋ፤ ፔርሙስ የያዘች ሴት መሀሉን ወሰደች። ከዚያ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው መጣ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ እየተባለ ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ አንድም ፊደል አይኑር ተባለ፤ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፈቃዱን ከግድግዳው ባለቤትና ከቀበሌ በጽሑፍ መያዝ ነው።

ግድግዳው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ በሞከርንበት ዓመት በአሮጌ ኖራ ላይ ሳንፍቅ ቀባን፤ አንድ ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ልጆቹ ቆመው ሲያዩት ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ኖራው እስከ ልስኑ ይፋቅ፣ አቧራው ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ነው ለውጭ ግድግዳ የሚሆነው ቀለም የሚመጣው። ከጀርባው አፈር ያለበት ግንብ ከሆነ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ አይደፈኑ፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋል። በድሬ ፀሐይ ደግሞ ቀለም ብሩሹ ላይ እያለ ይደርቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሠርቶ ጥላ መፈለግ ነው።

ሥለው የማያውቁ እጆች እንዴት ይህን ያህል ሥዕል ያወጣሉ? ሠዓሊው ንድፉን በወረቀት ላይ በካሬ ይከፍለዋል፤ የወረቀቱ 1 ሳንቲሜትር ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል። ክር ተወጥሮ ካሬዎቹ በከሰል ይሰመራሉ፤ በየካሬው ያለው መስመር ይገለበጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይጻፍበታል፤ ያው ቁጥር በቀለሙ ጣሳ ላይም አለ። የአሥር ዓመት ልጅ 4 ቁጥር ጣሳ ይዛ 4 የተጻፈበትን ሁሉ ስትሞላ፣ ሳታውቀው የሴትዮዋን ነጠላ ጨርሳለች። ፊትና እጅ ለለመደ ሰው ይቀራል።

ይህ ነገር ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ለገ ኦዳ ዋሻ ውስጥ ከብትና ሰው በድንጋይ ላይ ተሥሏል። ሐረር ጀጎል ውስጥም ቤተሰቡ በዓል ሲቃረብ ግድግዳውን በቀለም ያድሳል። ጀጎል ግን ከነግንቡና ከነአምስቱ ጥንታዊ በሮቹ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ግንቡና በሮቹ ላይ በጎ ፈቃድ ይዞ ብሩሽ ማንሣት አይቻልም።

ፀሐዩ በሁለት ሦስት ዓመት ቀለሙን ማደብዘዙ አይቀርም። ስለዚህ የተረፈው ቀለም ክዳኑ ታሽጎ፣ ቁጥሩ እንደተጻፈበት በዕድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጎን።