በባሕር ዳር ዙሪያ በፈረስና በበቅሎ መጓዝ

በአማርኛ ፈረስ ይጋለባል። ስለ በቅሎ ሲሆን ግን "በቅሎ ተቀመጠ" ነው የሚባለው። ልዩነቱ ከድሮው የመንገድ ሥርዓት ጋር ይሄዳል። መኳንንቱም ካህናቱም ሩቅ አገር ሲሄዱ በቅሎ ይቀመጡ ነበር። ፈረሱ ኮርቻውን እንደተጫነ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ባለቤቱ ፈረሱ ላይ የሚወጣው ጦርነት ሲመጣ፣ ጉግስ ሲኖር፣ ወይም በክብር ወደ ከተማ ሲገባ ነው።

ዛሬ በጣና ዳርቻ ለሽርሽር ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው እነዚህን ሁለት ሥራዎች አቀላቅሏል። ለሩጫ የለመደውን ፈረስ በበቅሎ ሥራ ላይ አሰማርቶታል። ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን ሰውም ፈረስም ተደስተው የሚመለሱት ይህ ልዩነት ሲታወቅ ይመስለኛል።

ቦታው ለጉዞ ይመቻል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከተማዋ ጥግ ላይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የሚያቋርጠውም ይህንኑ ወንዝ ነው። ጣናና ዙሪያው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። የሐይቁ ዳር ደንገል የበቀለበት፣ አንዳንዱ ቦታ ረግረግ፣ አንዳንዱ ሣር የለበሰ ጠንካራ መሬት ነው። ፈረስ የሚፈልገው ይህን ጠንካራ መሬት ነው።

የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው። ቁመቱ እስከ ትከሻው 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው። ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ250 ኪሎ አይበልጥም። ትንሽነቱ ጉድለት አይደለም፤ በጥቂት መኖ ይኖራል፣ ዳገት ይችላል፣ ሰኮናው ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛው ያለ ብረት ጫማ ይሄዳል። በመልኩ ዳማ፣ ቡላ፣ አምባላይ፣ ግንባሩ ነጭ ከሆነ ቦራ ይባላል። ግን የሂሳብ ጉዳይ አለ። ባለሙያዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት ልክ ፈረስ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ቢሸከም ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 50 ኪሎ ነው፤ ኮርቻውም ተቆጥሮ። ስለዚህ ጎልማሳ ሰው፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ረጅም መንገድ ሊጠይቀው አይገባም። አጭር መንገድ፣ በእርምጃ፣ ዳገት ላይ ወርዶ በእግር። ለልጆች ግን ይኸው ፈረስ ልክ ነው። ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ እየመራ በመናፈሻ ጥላ ሥር ትንሽ ቢያዞራቸው ሁሉም ደስ ይለዋል።

ረጅም መንገድ ካሰቡ በቅሎ ይፈልጉ። በቅሎ የባዝራና የወንድ አህያ ልጅ ናት። ከአባቷ ትዕግሥትና ጠንካራ ሰኮና፣ ከእናቷ ቁመትና ፍጥነት ወስዳለች። ድንጋያማ መንገድ ላይ የምትረግጠውን አይታ ነው የምትረግጠው። ሰጋር ከሆነች ደግሞ ጉዞው ሌላ ነው። ስግሪያ ማለት ያለ መንገጫገጭ ፈጠን ብሎ የመሄድ ስልት ነው። ሶምሶማ ፈረስ ላይ ወገቡ የታመመ ሰው በሰጋር በቅሎ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል። ድሮ ሰጋር በቅሎ ከፈረስ ዋጋ በላይ ትከበር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጫኛው ዕቃ ብዙ አይደለም። ኮርቻ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ጨርቅ፣ ልጓምና ዛብ፣ እርካብ፣ የሆድ ማሰሪያ። የድሮው እርካብ ለእግር ጣት ብቻ የምትበቃ ጠባብ ቀለበት ነበረች። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ያስገባባታል። ዛሬ ጫማ ያደረገ ሰው ሰፊ እርካብ ያስፈልገዋል። እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንዳያስገባ መንገር ደግሞ የባለፈረሱ ግዴታ ነው። ሲወድቅ እግሩ እርካብ ውስጥ ከቀረ ፈረሱ ይጎትተዋል። የእርካቡ ልክ የጫማው ፊት ነው፤ ተረከዙ ወደ ታች ይላል።

የፈረስ ባህሉ ልብ ያለው ግን ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ እንጅባራ ይደርሳሉ። አገሩ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሣር አለው። በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን እዚያ ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓላማው የዓድዋንና የአምስቱን ዓመት አርበኞች፣ አብረዋቸው የዘመቱትንም ፈረሶች ማሰብ ነው። ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። ፈረሶቹ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫ ጥልፍና ጌጥ ያሸበርቃሉ። ሜዳው በአቧራና በሆታ ይሞላል። ማኅበሩ በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም። አባላቱ በሐዘንና በደስታ ይረዳዳሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ።

ጉግስም የዚሁ ባህል አካል ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ ሸሽቶ ይጋልባል፣ ሌላው ተከትሎ ዘንግ ይወረውራል። የሸሸው ወደ ኋላ እያየ በጋሻው ይመክታል። የጦርነት ልምምድ ነበር፤ አሁን የገናና የጥምቀት ጨዋታ ነው። አንድ ጀግና በፈረሱ ስም መጠራቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። የንጉሡን ፈረሶች የሚያዘው ሹም ደግሞ ባልደራስ ይባል ነበር። ፈረስ በቤተ መንግሥት የራሱ ሹመት ያለው ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ወደ ባሕር ዳር እንመለስ። ለአጭር ጉዞ የሐይቁ ዳርና የዓባይ ወንዝ ዳር ይበቃል። ትንሽ ራቅ ለማለት የበዛዊት ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በአረንጓዴው መሐል ሲጠማዘዝ ይታያል። ዳገቱ መካከለኛ ስለሆነ ፈረሱን አያደክምም።

ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ሁሉ በፈረስ መሄድ ለፈረሱም ለሰውም ከባድ ነው። እስከ መንደሩ በመኪና ሄዶ የቀረውን በእግር ወይም በበቅሎ መሄድ ይሻላል። መንገዱ በ17ኛው መቶ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፋል። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚዞር በበጋ ይቀንሳል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

ዘጌን በፈረስ አይሞክሩ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ትልልቅ ከብት ማርባት በቆየ ሃይማኖታዊ ትውፊት የተከለከለ ነው። ያ ሁሉ ዛፍና የቡና ጫካ ተጠብቆ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የደን መንገድ የእግረኛ መንገድ ነው። እንደዚያው መቅረት አለበት።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ክረምት ላይ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ሰኮና ይይዛል፣ ፈረስ ይንሸራተታል። ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ችግር ይመጣል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ በሽታ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ትንኞች ይተላለፋል። ትንኞቹ እርጥብ ቦታ ይራባሉ፣ ከጀምበር መግቢያ እስከ ንጋት ይናከሳሉ። አህያ እምብዛም አይታመምም፣ በቅሎም ከፈረስ ትሻላለች። ለፈረስ ግን መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው፤ እሱም እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ረግረግ አጠገብ ፈረስ የሚያሳድር ሰው ክትባቱን ማስከተብ፣ ፈረሱንም ሲመሽ ከውኃው ዳር ማራቅ አለበት።

ሲመሽ ሌላም አለ። ጉማሬ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በጉማሬና በውኃው መካከል መገኘት ለሕይወት ያሰጋል። ፈረስ ቀድሞ ይሸተዋል፤ ጆሮውን ያቀናል፣ አልሄድም ይላል። እንዲህ ሲያደርግ አለንጋ ማንሳት ስህተት ነው። ዞር ብሎ መመለስ ነው። እንዲያውም ከ11 ሰዓት በኋላ ደንገሉ አጠገብ አለመቆየት ጥሩ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት ፈረሱን ይዩት። የፈረስ ምስክሩ ጀርባው ነው። ከኮርቻው ሥር ያለውን ጨርቅ ገለጥ ያድርጉ። ቁስል ካለ ወይም ጠጉሩ የተላጠ ቦታ ካለ አይውጡ፤ ባለቤቱንም በደግነት ያነጋግሩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጭካኔ አይደለም። ኮርቻው ልክ አይደለም ወይም ከሥሩ ያለው ጨርቅ ሳስቷል። የእግሩንም አረጋገጥ ይመልከቱ። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሲውል የከረመ ባዶ ሰኮና ይሳሳል፣ ፈረሱ እያነከሰ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱን ፈረስ ማሠራት የሚቀጥለው ገንዘብ ከፍሎ የሚወጣበት ሰው ሲኖር ነው።

የባለፈረሶቹም ጭንቀት አለ። በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የወል ግጦሽ በቤት፣ በባሕር ዛፍና በጫት ማሳ እየተያዘ ነው። ሣር ሲጠፋ ድርቆሽና ፉርሽካ ይገዛል። ዋጋው ሲወደድ የሚቀነሰው የፈረሱ ራት ነው። "ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው" የሚለው አባባል እዚህ ግማሹ እየጎደለበት ነው። ለሕዝብ መናፈሻ ቦታ ሲከለል ለፈረስ የሚሆን ሣርና የአፈር መንገድ ቢታሰብ፣ ለባለፈረሱ ከማንኛውም ድጋፍ በላይ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ጉዞው ሲያልቅ ቶሎ አይሂዱ። የመጨረሻውን መንገድ ወርደው በእግር ይሂዱ፤ የሆድ ማሰሪያውም ይላላ። ፈረሱ ውኃ ይሰጠው። ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን እንደገና ይዩ። ላቡ ሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ ኮርቻው ልክ ነው። በላቡ መሐል ለብቻው ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ኮርቻው ተጭኖታል፤ ነገ ቁስል የሚሆነው እሱ ነው። ለባለቤቱ በጣትዎ ያሳዩት።