ራም ስለመጨመር የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ራም (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) መጨመር ዛሬ እዚህ አገር የተለመደ ሥራ ነው። ራሙ ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስለሚገባ፣ ካልገጠመ ወደ ሻጩ መመለስ ዘበት ነው። ለዚህ ኪሳራ የሚዳርጉት ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞሩ ጥቂት የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ ራም ይጨመርለት»

መጀመሪያ ይለካ። በሥራ ቀን የሚጠቀሙባቸውን ሁሉ ይክፈቱ፦ ብሮውዘሩን፣ ቴሌግራምን፣ ኤክሴልን፣ ፒችትሪን። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ወጥቶ አልወርድም ካለ ራም ያንሰዋል። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ግን ጥፋተኛው ዲስኩ ነው፤ ራም ቢጨምሩለት ለውጥ አያዩም።

የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ አንድ ፋይል ፈልጎ ለመድረስ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ ይህንኑ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። ሁለቱ ችግሮች ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል፦ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ዲስኩ ሀርድ ዲስክ ከሆነ ማሽኑ ስታክ የሚያደርገው ያኔ ነው። ስለዚህ 4 ጊጋ ራምና ሀርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይዞ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሰው ኤስኤስዲውን ያስቀድም እንላለን። ራሙን በሚቀጥለው ወር ወደ 8 ጊጋ ያሳድገው።

«ላፕቶፕ እስከሆነ ድረስ ራሙ ይቀየራል»

ይህኛው ብዙ ሰው ያከስራል። በበርካታ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ማክቡክ ኤር ከመጀመሪያው ከ2008 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ከ2020 ወዲህ በወጡት ባለ ኤም ቺፕ ማኮች ደግሞ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ እሽግ ውስጥ ስለተቀመጠ በኋላ የሚጨመርበት መንገድ የለም። ሲገዙ የመረጡት መጠን እስከ መጨረሻው አብሮዎት ይኖራል።

ስም መመሳሰልም ያሳስታል። የሌኖቮው ቲንክፓድ ቲ480 ራም የሚሰካባቸው ሁለት ቦታዎች (ስሎቶች) አሉት፤ ሁለቱንም እንደፈለጉ መቀየር ይቻላል። ከስሙ መጨረሻ ኤስ የምትል ፊደል የተጨመረችበት ቲ480ኤስ ግን የራሙ አንዱ ክፍል የተበየደ ሲሆን ስሎቱ አንድ ብቻ ነው። የዚያው ዘመን ኤክስ1 ካርቦን ጭራሽ ስሎት የለውም። ሻጭ «ቲ480 ነው» ሲልዎት ከሥር ያለውን ተለጣፊ ራስዎ ያንብቡ።

ታስክ ማኔጀር ሜሞሪ በሚለው ገጽ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል፤ ግን ብቻውን አይታመን፤ የተበየደውንም እንደ ስሎት የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። እዚያው ፎርም ፋክተር ከሚለው ጎን ሶዲም ካለ ተነቃይ ነው። ሮው ኦፍ ቺፕስ ካለ የተበየደ ነው። ከዚህ በኋላ የሞዴሉን የጥገና መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ ማየት፣ ወይም ክዳኑን ከፍቶ በዓይን ማረጋገጥ የመጨረሻው መልስ ነው።

«የላፕቶፕ ራም ሁሉ አንድ ነው»

የራም ትውልዶች የሆኑት ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 አይቀያየሩም። ዲዲአር 3 የሆነ የላፕቶፕ ራም 204 መገናኛዎች አሉት፤ ዲዲአር 4 የሆነው 260፣ ዲዲአር 5 የሆነው 262። ከሥር ያለችው ክፍተት በየትውልዱ ቦታዋ ስለሚለያይ የተሳሳተው ራም ስሎቱ ላይ አይቀመጥም። በተለይ ዲዲአር 4 እና 5 በርዝመት ስለሚመሳሰሉ «ትንሽ ገፋ ባደርገው» የሚል ሰው ስሎቱን ይሰብራል። የስሎት ጥገና ከራሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ገበያችን ላይ ይበልጥ የሚያደናግረው የቮልቴጁ ጉዳይ ነው። ዲዲአር 3 ሁለት ዓይነት አለው፦ ባለ 1.5 ቮልት እና ባለ 1.35 ቮልት። ኢንቴል 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች የሚፈልጉት ባለ 1.35 ቮልቱን ነው። ባለ 1.5 ቮልቱን ስሎቱ ይቀበለዋል፣ ማሽኑ ግን ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። መለያው ተለጣፊው ላይ ነው፦ ፒሲ3 ከሚለው ቀጥሎ ኤል ፊደል ካለ ባለ 1.35 ነው። ይኸኛው ብዙውን ጊዜ በድሮዎቹ ባለ 1.5 ማሽኖችም ይሠራል፤ ስለዚህ ከጠረጠሩ ባለ ኤሉን ይግዙ።

አንድ ትውልድ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጥሩ ምሳሌ ነው። ጂ2 የሚባለው ዲዲአር 3 ኤል ይወስዳል፤ ቀጥሎ የመጣው ጂ3 ዲዲአር 4። ዴል ላቲቲዩድ ኢ7450 እና ኢ7470ም እንደዚሁ ናቸው። «ለኤሊትቡክ ራም ስጠኝ» ማለት አይበቃም፤ አሁን ያለውን ራም አውልቆ የተለጣፊውን ፎቶ ይዞ መሄድ፣ ወይም ለሚያመጣው ዘመድ መላክ ነው የሚያዋጣው።

ትንንሾቹ ዴስክቶፖችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ማይክሮና ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ3 ሚኒ የሚወስዱት የላፕቶፑን አጭር ራም ነው። በዚያው ስም የሚጠሩት ትልልቅ ካሳዎች ግን ረጅሙን የዴስክቶፕ ራም ይፈልጋሉ። ለዴስክቶፕ በርካሽ የሚቀርብ 16 ጊጋ ዲዲአር 4 ካዩም ተለጣፊውን ያጣሩ፦ ሬጂስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ስሎቱ ላይ ልክ ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን በእሱ አይነሳም።

«አምራቹ ከጻፈው በላይ አይቀበልም»

አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ሐሰት። መመሪያው ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ማሽኑ በወጣበት ወቅት የተሞከረው መጠን ነው። ቲ480 በ2018 ሲወጣ እስከ 32 ጊጋ ተብሎ ነበር፤ ያኔ ባለ 32 ጊጋ የላፕቶፕ ራም ገበያ ላይ አልነበረም። በኋላ ሁለት ባለ 32 ተገጥመውለት 64 ጊጋ ይዞ ይሠራል። የ2012 ባለ 13 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ፣ ሬቲና ያልሆነው፣ 8 ጊጋ ተብሎ የተጻፈለት ቢሆንም 16 ይቀበላል።

በሌላ በኩል የኢንቴል 4ኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ያሉ ፕሮሰሰሮች በአንድ ስሎት ከ8 ጊጋ በላይ የሆነ ዲዲአር 3 ፈጽሞ አያነቡም። እዚያ ላይ የተጻፈው ገደብ የፕሮሰሰሩ ነው፤ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ቢታደስም አይነቃነቅም።

«ብራንዱና ፍጥነቱ ካልተመሳሰለ አይሠራም»

ሳምሰንግን ከሃይኒክስ ወይም ከማይክሮን ጋር ማጎዳኘት ይቻላል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ይሄዳሉ። ላፕቶፑ እስከ 2400 ብቻ የሚሄድ ከሆነ ባለ 3200 ራም ቢገባበትም በ2400 ይሠራል፤ ጉዳት የለውም፣ ለተጨማሪው ፍጥነት ግን ገንዘብ አይክፈሉ። ሲፒዩ ዚ በሚባለው ፕሮግራም 2400 የገዙት ራም 1200 ሲያሳይ «ተጭበረበርኩ» የሚሉ አሉ። አልተጭበረበሩም፤ ራሙ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ዳታ ስለሚያስተላልፍ ቁጥሩ በ2 ይባዛል።

ከብራንድ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የስሎቶቹ አሞላል ነው። በዲዲአር 4 አንድ ራም ብቻውን 64 ቢት ስፋት ያለው መንገድ አለው፤ ሁለት ሲሆኑ 128 ይሆናል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ምስል የሚሠራበትን ሜሞሪ ከዋናው ራም ስለሚወስድ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ጌም ለሚጫወት ሰው ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 በግልጽ ይሻላሉ። ለደብዳቤና ለሂሳብ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅም፤ እዚያ አንዱን ባለ 16 ገዝቶ ሁለተኛውን ስሎት ለወደፊት መተው አስተዋይነት ነው። 8 እና 16 ማቀላቀልም ይቻላል፦ በኢንቴል ማሽኖች 16 ጊጋው በሰፊው መንገድ፣ የተረፈው 8 በጠባቡ ይሠራል።

«16 አስገብቼ 15.8 ብቻ ያሳያል፣ ራሙ ፎርጅድ ነው»

አይደለም። የጎደለውን ግራፊክሱ ወስዶታል። 8 አስገብተው 3 ጊጋ አካባቢ ብቻ ጥቅም ላይ ይውላል ካለ ግን ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋ አያልፍም። መፍትሔው ባለ 64 ቢቱን እንደገና መጫን ነው።

«ፍላሽ ራም ይሆናል፣ ክሊነርም ራም ያስለቅቃል»

ሬዲ ቡስት የሚባለው የዊንዶውስ አገልግሎት ፍላሹን የዲስክ ማፍጠኛ ያደርገዋል እንጂ ራም አያደርገውም፤ ኤስኤስዲ ላለው ምንም አይጠቅምም። ክሊነር የሚባሉት ፕሮግራሞች ደግሞ ዊንዶውስ ነገ ይፈለጋል ብሎ ያስቀመጠውን ይጥሉና ከዲስክ እንደገና እንዲያነብ ያስገድዱታል።

«ማጥፋት፣ መክፈት፣ መሰካት ብቻ ነው»

ዊንዶውስ ተራ ሲዘጋ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው። ሺፍትን ይዘው ሸት ዳውን ይበሉ። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡ። ቲ480 የውስጥ ባትሪም ስላለው መጀመሪያ ባዮስ ገብተው ከፓወር ሥር ቢልት ኢን ባተሪን ዲሴብል ያድርጉ። በሌሎች ላፕቶፖች ክዳኑ እንደተከፈተ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ይንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። ኤሌክትሪክ ባለበት ቦርድ ላይ ራም መንቀል ሁለቱንም ሊያቃጥል ይችላል።

የብሎኖቹ ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ያስቀምጧቸው። ክዳኑን በካቻቪቴ ጫፍ አይፈልቅቁ፤ ያለቀ የሞባይል ካርድ ይበቃል። ራሙን ከመንካትዎ በፊት ቀለም የሌለው ብረት ይንኩ፤ ራሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙ።

አዲሱን ራም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብለው፣ የወርቅ ቅቡ ከሞላ ጎደል እስኪሰወር ይግፉት። ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት ሁለቱ የጎን መያዣዎች ቀጭ ብለው ይቆልፋሉ። ከገጠማ በኋላ ለሚመጣ ጥቁር ስክሪን ዋናው ምክንያት ሳይገባ ወደ ታች መጫኑ ነው።

ራም በላጲስ ማሸት በየጥገና ቤቱ አለ። የቆየ ዝገት ያስለቅቃል፣ ግን የወርቁን ቅብ ይፍቃል፣ ፍርፋሪውም ስሎት ውስጥ ይቀራል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይለቅ ጨርቅ ይሻላል። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፤ ቅሪት ይተዋል።

«ከተነሳ ሥራው አልቋል»

ዲዲአር 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይነኩ ይጠብቁ። ካልተነሳ አዲሱን አውጥተው በድሮው ብቻ ይሞክሩ፤ ቀጥሎ አዲሱን ብቻውን በአንዱ ስሎት፣ ከዚያ በሌላው። በአንዱ ስሎት ሠርቶ በሌላው ካልሠራ ችግሩ የስሎቱ ነው።

የታመመ ራም ሥራ ጀምሮም ይደበቃል፦ ሰማያዊ ስክሪን፣ የማይከፈት ዚፕ ፋይል፣ መሃል ላይ የሚቋረጥ የዊንዶውስ ጭነት። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነው ሌሊቱን አራቱንም ዙር ያስጨርሱት። አንድ ስህተት ካሳየ፣ አንድም ብትሆን፣ ራሞቹን በየተራ ለብቻቸው እየፈተኑ ስህተት የሚያወጣውን ይለዩና አይጠቀሙበት። ከአገር ውስጥ ሱቅ ሲገዙ ይህን ፈተና ጨርሰው እስኪመጡ የመመለሻ ቀን በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።