በመሐል አዲስ አበባ ግቢ የአውራ ዶሮ አያያዝ

በመሐል አዲስ አበባ ዶሮ የሚረባው ብዙ ጊዜ ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቁ ቤቶች መሐል ነው። እዚህ የአውራ ዶሮ ችግሩ ሁለት ነው፤ ጩኸትና ጠብ። እንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ቤት አውራ አያስፈልግም፤ ሴቷ ያለ እሱም ትጥላለች። ጫጩት ከተፈለገ አንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሴቶች ይበቃል። ሴቶቹ ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ ስለሚመላለስባቸው የጀርባቸው ላባ ይረግፋል፣ ቆዳቸውም ይቆስላል።

አውራው የሚጮኸው ብርሃን ስላየ ብቻ አይደለም። የገዛ ሰውነቱ ሰዓት ስለሚቀሰቅሰው በጨለማም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ጎረቤት ካማረረ ማታ ማታ አየር በሚያስገባ ሳጥን ማሳደር ይቻላል፤ ጣሪያው አውራው ሲቆም ራሱን የማይነካው፣ አንገቱን ግን ወደ ላይ ለመዘርጋት የማያስችለው ይሁን። ጩኸቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አንገቱን በጨርቅ ማሰር ያንቀዋል፤ አይሞከርም።

ጠበኝነቱ ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜው መካከል ይወጣል። አንድ ክንፉን ጥሎ በጎን ከዞረ፣ የአንገቱን ላባ ካቆመ ሊዘል ነው። መሸሽ ያደፋፍረዋል፣ እርግጫ ደግሞ ጠቡን ያባብሰዋል። እስኪያፈገፍግ ድረስ ቀስ ብሎ ወደ እሱ መራመድ ይሻላል። ሕፃን ልጅ እንቁላል እንዲሰበስብ ብቻውን አይላክ፤ ዘልሎ ፊቱን ያገኘዋል። ከእግሩ በስተኋላ ያለውን ሹል ሲቆርጡ ጫፉን ብቻ ነው፤ ውስጡ ደም ሥር አለ። ከደማ የበቆሎ ዱቄት ተጭኖ ይያዛል። ይህ ሁሉ ካልገራው ለድስት ነው፣ ጠባዩ ስለሚወረስም ከእሱ ጫጩት አይፈለፈል።

ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ከሾላ ገበያ የመጣ አውራ ከግቢው ዶሮዎች ጋር አይቀላቀል። ከነባሩ ጋር መደባደቡ ትንሹ ነገር ነው፤ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ ወረርሽኝ ይዞ ከመጣ ግቢው ባዶ ይቀራል። ለእርድ ከሆነ ሩቅ ጥግ፣ በራሱ ውኃ መጠጫ ይሰር። ሊቆይ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይታያል፣ ከዚያም ማታ ቆጥ ላይ ይጨመራል። ማሰሪያው ሲባጎ ሳይሆን ሰፋ ያለ ጨርቅ ይሁን፤ ሲባጎ እግሩን ይቆርጠዋል።