የሳንባ ካንሰር በጎጃም፦ ከመከላከል እስከ ማስታመም

ይህ ዳሰሳ ጎጃም ውስጥ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለምንሠራ ባለሙያዎች የተሰናዳ ነው። የሳንባ ካንሰር ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። ከ100 ታማሚ ወደ 85ቱ ላይ የሚገኘው ትንንሽ ህዋስ ያልሆነው ነው። ቀሪው ትንንሽ ህዋስ የሚባለው ነው፤ እሱ ቶሎ ይዛመታል።

ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው። እኛ ጋ ትምባሆ በሃይማኖትም በባህልም የተነወረ ነው፤ ይህ ባህል ብዙ ሰው አትርፏል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስንና ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ከልክሏል። ያቆመ ሰው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ አደጋው ወደ ግማሽ ይወርድለታል፣ ስለዚህ ለሽማግሌም ቢሆን "አቁሙ" ማለት አይረፍድም።

ጭሱስ? እናቶቻችን በባህር ዛፍና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ፣ አረቄ ሲያወጡ ዕድሜያቸውን ማጀት ውስጥ ይጨርሳሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የእንጨቱን ግን "ሳያመጣ አይቀርም" ብሎ አለዝቦታል። ለእኔ ይሄ በቂ ነው። "ያጨሳሉ?" ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ "እማማ፣ ማጀትዎ መስኮት አለው?" ብላችሁ ጠይቁ። ምርጥ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሲመጣ ቲቢ እንላለን። ትክክል ነን፣ አክታው መመርመር አለበት። ጥፋቱ የሚመጣው አክታው ነፃ ሲሆን፣ ጂንኤክስፐርቱም (የቲቢን ተህዋስ በዘረመሉ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ) ምንም ሳያሳይ ሲቀር፣ ራጁ ላይ ጥላ ስላለ ብቻ የቲቢ መድኃኒት ጀምረን ስድስት ወር ስንጠብቅ ነው። በሽተኛው ይከሳል። ደም ይተፋል። ዕጢው ግን አይጠብቅም። መድኃኒት ከተጀመረ ሁለት ወር ሆኖት ካልተሻለው ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያው አስቡት። ራጁንም ከድሮው ጋር አስተያዩት። ቲቢው በላቦራቶሪ ቢረጋገጥም ካንሰር የለም ማለት አይደለም፣ ሁለቱ አንድ ሳንባ ላይ ይገኛሉ። ድምፁ የጎረነነ፣ ፊቱና አንገቱ ያበጠ፣ የጣቶቹ ጫፍ የወፈረ፣ ከአንገቱ ግርጌ ጠጣር እብጠት ያለው ሰው ካያችሁ ቀጠሮ አታርዝሙ።

ናሙና ለመውሰድ ሁልጊዜ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የአንገቱን እብጠት በቀጭን መርፌ መውሰድ ይቻላል። ሳንባ ዙሪያ ውሃ ካለ ተቀድቶ ለህዋስ ምርመራ ይላክ፤ ትንፋሹም ይቀልለታል። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ወዳለው አንጋፋው ፈለገ ሕይወትና ወደ ጥበበ ጊዮን ይላካል። የተማርንበትን ቤት ስለምንወድ ብቻ አይደለም፣ ቅርብ ስለሆኑ ነው።

ሕመም ሳይሰማ ስለሚደረግ ቅድመ ምርመራ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ብዙ ያጨሱ ሰዎችን በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን መከታተል የሳንባ ካንሰር ሞትን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተራ ራጅ ግን ለዚህ አይጠቅምም። ጥናቱ የማጀት ጭስ የጎዳቸውን እናቶች አላየም።

በጊዜ ከተገኘ ቀዶ ሕክምና ነው። ከዘገየ ኬሞ (የካንሰር ህዋስን የሚገድል መድኃኒት) እና ጨረር። ለጨረር ብዙ ጊዜ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ጥቁር አንበሳ መድረስ ግድ ነበር፣ ከደብረ ማርቆስ እንኳ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። የሚላክ ሰው ራጁን፣ የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ውጤቱንና የወሰደውን መድኃኒት ዝርዝር ይዞ ይሂድ።

ብዙዎቹ ግን ዘግይተው ነው የሚመጡት። ለነሱ ማስታመም ራሱ ሕክምና ነው። የሚዋጥ ሞርፊን ሕመሙንም የትንፋሽ ማጠሩንም ያስታግሳል፤ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብራችሁ ስጡ። በሽተኛው "ጸበል ልሂድ" ካላችሁ አትከልክሉት፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ንገሩት። ቤተሰብ "እንዳትነግሩት" ብሎ ይለምናል። እናንተ ግን በሽተኛውን ለብቻው ቀረብ ብላችሁ "ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" ብላችሁ ጠይቁት።